ኮንክሪት ውስጥ ዜሮን መጠበቅ፦ በቴይለር ድልድይ ጎን ለጎን የተቀመጡት የፋይበር ሴንሰርና የኤሌክትሪክ ስትሬን ጌጅ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

በግንባታ ሥራ ላይ ኃይልን እንለካለን ስንል በአብዛኛው የምንለካው ኃይሉን ራሱን አይደለም። የምንለካው ኃይሉ ያረፈበት አካል ምን ያህል እንደተለጠጠ ወይም እንደተጨመቀ ነው፤ ኃይሉ የሚገኘው ከዚያ በኋላ በስሌት ነው። በሙያው አጠራር ስትሬን የሚባለውን ይህን እጅግ ትንሽ መለጠጥ ለመለካት ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ስትሬን ጌጅ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ የፋይበር ኦፕቲክ ሴንሰር ከጎኑ ተሰልፏል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ በሙያ ባልደረቦቼ መካከል ደጋግሞ ይነሣል። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሻጭ ወረቀት የተቀዳ የጥቅምና የጉዳት ዝርዝር ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ ዝርዝር ፋይበሩ አዲስ በመሆኑ ብቻ ያሸንፋል፣ ወይም ጌጁ ርካሽ በመሆኑ ብቻ ይመረጣል። እኔ ከዝርዝሩ ይልቅ አንድን ጉዳይ በደንብ መርምሮ ማየት ይበጃል ባይ ነኝ። ሁለቱ መለኪያዎች በአንድ ሥራ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ኮንክሪት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡበትና ውጤቱ በይፋ የተነገረበት ጉዳይ በካናዳ፣ ማኒቶባ ክፍለ ግዛት የሚገኘው የቴይለር ድልድይ ነው። ሥራውን የሠሩትን ሰዎች በስም አላነሣም፤ ትምህርቱ ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነው።

ዳራ

ድልድዩ ከዊኒፔግ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በሄዲንግሊ፣ በአሲኒቦይን ወንዝ ላይ ተሠርቶ በኦክቶበር 1997 ለመኪና የተከፈተ ነው። ርዝመቱ 165 ሜትር ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 33 ሜትር በሆኑ አምስት እኩል ክፍሎች የተከፈለ ነው። መንገዱን የተሸከሙት በፋብሪካ የተመረቱ 40 የፕሪስትረስ ኮንክሪት ጊርደሮች (ረጃጅም ተሸካሚ አግዳሚዎች) ናቸው።

ፕሪስትረስ ማለት በኮንክሪቱ ውስጥ የሚያልፈውን ገመድ አስቀድሞ በኃይል መወጠርና፣ ኮንክሪቱ ጠንክሮ ገመዱን ከያዘው በኋላ ውጥረቱን መልቀቅ ነው። ገመዱ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ሊመለስ ሲሞክር ኮንክሪቱን ከዳር እስከ ዳር ይጨምቀዋል። ኮንክሪት መጨመቅን እንጂ መሳብን ስለማይችል፣ ይህ ቅድመ ጭመቃ ከባድ መኪና ሲያልፍ የሚመጣውን የመሳብ ኃይል ይቀበልለታል። የከበሮ ጠፍር ሲላላ ድምፁ እንደሚወርድ ሁሉ፣ የዚህ ገመድ ውጥረት ሲቀንስም ድልድዩ አቅሙን ያጣል።

ቴይለርን ከሌሎች ድልድዮች የለየው ነገር ከ40ዎቹ ጊርደሮች በ4ቱ ውስጥ የተወጠረው ብረት ሳይሆን የካርቦን ፋይበር ገመድ መሆኑ ነው። በከፊሎቹም ውስጥ ስታፋው (ማጠናከሪያውን ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት) ሳይቀር ካርቦን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ አገር በብርድ ወራት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨዉ ወደ ኮንክሪቱ ሰርጎ ፌሮውን (በውስጡ የተቀበረውን የብረት ዘንግ) እና ገመዱን ያዝጋል። ካርቦን አይዝግም። ይሁን እንጂ ብረት ከመበጠሱ በፊት በብዙ ይለጠጣል፣ ኮንክሪቱም ይሰነጠቃል፣ ሰውም አይቶ ይሸሻል፤ ካርቦን ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በአንድ መስመር እየተለጠጠ ሄዶ በድንገት ይበጠሳል። በዚህ ላይ፣ በድልድይ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት እንዴት እንደሚቆይ በዚያን ጊዜ ልምድ አልነበረም። ስለዚህ ድልድዩን መሥራት ብቻውን አልበቃም፤ ውስጡን እያዩ መከታተል ያስፈልግ ነበር። ይህን የመከታተል ሥራ በ1995 የተቋቋመውና መቀመጫውን በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው አይሲስ ካናዳ የተባለ የምርምር ትስስር ያዘው። ከዚህ በፊት በ1993 በካልጋሪ የተከፈተው የቤዲንግተን ትሬይል ድልድይ ውስጥ የካርቦን ገመድና የፋይበር ሴንሰር አብረው ተሞክረው ስለነበር፣ መንገዱ ሙሉ በሙሉ አዲስ አልነበረም።

ችግሩ

በድልድይ ላይ የሚለካ ኃይል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪና ሲያልፍ መጥቶ የሚሄድ ነው። ይህን መለካት ቀላል ነው፤ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ያለውን ንባብ ዜሮ አድርጎ ይዞ፣ ሲያልፍ የታየውን ልዩነት መመዝገብ በቂ ነው። በመንገድ ዳር ያለው የጭነት መኪና ሚዛን የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ መኪናው ከወረደ በኋላ ሚዛኑ ወደ ዜሮ መመለስ አለመመለሱ ይታያል፤ ካልተመለሰም ሠራተኛው ያስተካክለዋል።

ሁለተኛው ዓይነት በገመዱ ውስጥ ተወጥሮ የሚኖረው የፕሪስትረስ ኃይል ነው። የዚህ ኃይል ዜሮ ያለው ገመዱ ከመወጠሩ በፊት በነበረችው ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ያች ሰዓት አንድ ጊዜ ካለፈች አትመለስም፤ ገመዱን ፈትቶ፣ መለኪያው ትክክል መሆኑን አረጋግጦ፣ እንደገና መወጠር አይቻልም። ከ10 ዓመት በኋላ የሚነበበው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው መለኪያው ለ10 ዓመት ዜሮውን ሳይስት ከቆየ ብቻ ነው። የጉዳዩ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። መለኪያው ምን ያህል ትንሽ ለውጥ እንደሚያይ፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ የሚነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሁለቱ መለኪያዎች እንዴት ይሠራሉ

ሽቦ ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግድበት መጠን፣ በኦም የሚለካ) እንደሚለወጥ በ1856 ያሳየው ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሳይንቲስት ነው። ይህን ወደ መለኪያነት የለወጡት ኤድዋርድ ሲመንስና አርተር ሩጅ በ1938 አካባቢ በአሜሪካ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ ለየብቻቸው ነው። የዛሬው ጌጅ ኮንስታንታን ከሚባል የመዳብና የኒኬል ቅይጥ የተሠራ፣ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ዚግዛግ ፎይል ነው። የተለመደው 120 ኦም ጌጅ በአንድ ማይክሮስትሬን፣ ማለትም ርዝመቱ በሚሊዮን አንድ እጅ ሲለጠጥ፣ ሬዚስታንሱ የሚለወጠው በ0.00024 ኦም ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ለውጥ ለማንበብ ጌጁ ዊትስቶን ብሪጅ በሚባለው ሰርኪዩት ውስጥ ይገባል። ሥራው በሙሉ ይህን 0.00024 ኦም ከሽቦው፣ ከሙቀቱና ከእርጥበቱ ለይቶ የማቆየት ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም።

የፋይበር ሴንሰሩ ደግሞ ለስልክና ለኢንተርኔት ከምንዘረጋው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ያለ ልባሱ 125 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ነው። በ1978 በካናዳ ኬን ሂልና ባልደረቦቹ በፋይበር ውስጥ በብርሃን አማካይነት ተደጋጋሚ መስመሮችን መቅረጽ እንደሚቻል አገኙ፤ በ1989 ደግሞ ጄራልድ ሜልዝና ባልደረቦቹ መስመሮቹን ከፋይበሩ ጎን በአልትራቫዮሌት ብርሃን መቅረጽ ቻሉ። ብራግ ግሬቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ግሬቲንጉ ከሚያልፈው ብርሃን አንድን የሞገድ ርዝመት ብቻ መርጦ ወደ ኋላ ይመልሳል። ፋይበሩ ሲለጠጥ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋና የሚመለሰው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ይጨምራል፤ በ1,550 ናኖሜትር አካባቢ ለአንድ ማይክሮስትሬን 1.2 ፒኮሜትር (ፒኮሜትር የናኖሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚነበበው የብርሃኑ ብዛት አለመሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ማገናኛው ቢቆሽሽ፣ ፋይበሩ ጠምዘዝ ቢል፣ የሚመለሰው ብርሃን ይደክማል እንጂ የሞገድ ርዝመቱ አይለወጥም።

የተወሰደው እርምጃ

በቴይለር ድልድይ 63 የብራግ ግሬቲንግ ሴንሰሮች ለየብቻቸው፣ በተጨማሪም በአንድ ፋይበር ላይ ብዙ ግሬቲንግ የያዙ 2 ሴንሰሮች ተቀመጡ። የተቀመጡትም በካርቦን በተወጠሩት ጊርደሮች፣ ለማነጻጸሪያ በብረት በተወጠሩት፣ እንዲሁም በመንገዱ ወለልና በዳር መከለያው ውስጥ ነበር። ከእነርሱ ጎን በማጠናከሪያዎቹ ላይ 26 የኤሌክትሪክ ስትሬን ጌጆች ለማነጻጸሪያ ተለጠፉ። የሙቀቱን ውጤት ለይቶ ለመቀነስ በተለያዩ ቦታዎች ቴርሞካፕሎች (የሙቀት መለኪያዎች) ገቡ። ንባቡም በስልክ መስመር ወደ ቢሮ እንዲደርስ ተደረገ።

ከሴንሰሮቹ አብዛኞቹ ለየብቻቸው መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ ፋይበር ሲሸጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚነገረው በአንድ ክር ላይ ብዙ ሴንሰር መደርደር መቻሉ ነው፤ በዚህ ድልድይ ግን ያ ጥቅም ብዙም አልተነካም። ለየብቻ ማድረጉ ብዙ ክር ያስወጣል፤ ነገር ግን አንድ ክር ሲበጠስ የሚጠፋው አንድ ሴንሰር ብቻ ነው።

ጊርደሮቹ እንደ ማንኛውም የፋብሪካ ምርት ቶሎ እንዲጠነክሩና ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ለሚቀጥለው ጊርደር እንዲለቀቅ በእንፋሎት ታከሙ። በፋብሪካ ዓይን ይህ የየቀኑ ሥራ ነው። ለጌጆቹ ግን ፈተናው ይህ ነበር።

የታየው ውጤት

ከ26ቱ የኤሌክትሪክ ጌጆች 60 በመቶው፣ ማለትም 16 ያህሉ፣ ተበላሹ። እንደ ምክንያት የተጠቀሰው በእንፋሎት ማከሙ በኮንክሪቱ ውስጥ የፈጠረው ከመጠን ያለፈ እርጥበት ነው። የፋይበር ሴንሰሮቹ ግን ድልድዩ ከተከፈተ በኋላ ለክትትሉ አገለገሉ። በቆይታ ረገድ ተጨማሪ ማስረጃ የሰጠው ቀደም ያለው የካልጋሪው ድልድይ ነው፤ ከ6 ዓመት በኋላ በ1999 እንደገና ሲፈተሽ ሴንሰሮቹ ሲሠሩ ተገኙ።

ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ፋይበር አሸነፈ ብሎ ይደመድማል። እኔ ከዚያ ይልቅ ጌጁ ውስጥ የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ሲበላሽም ምን ዓይነት ውሸት እንደሚናገር ማየት እፈልጋለሁ፤ ለሌላ ሥራ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

እርጥበቱ ያደረገው

በላቦራቶሪ ውስጥ ማንም ሊያየው የሚችል ነገር አለ። አንድ ጌጅ በብረት ላይ አጣብቆ፣ ሽቦውን ሶልደር አድርጎ፣ የመከላከያ ልባሱን ሳይቀቡት ከመለኪያው ጋር ያገናኙታል። ንባቡ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ጠጋ ብሎ አፍን ከፍቶ ትንፋሽ እፍ ይሉበታል። ንባቡ ወዲያው መንሸራተት ይጀምራል፤ የትንፋሹ እርጥበት ሲተን ቀስ በቀስ ይመለሳል። ብረቱን የነካው ምንም ኃይል የለም።

የሆነው ይህ ነው። እርጥበቱ በጌጁ ሁለት ጫፎች መካከል፣ ወይም በጌጁና ከሥሩ ባለው ብረት መካከል፣ ለኤሌክትሪኩ ሁለተኛ መንገድ ከፈተለት። ሁለተኛ መንገድ ሲከፈት ጠቅላላ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። በጌጁ ጫፎች መካከል 100 ኪሎ ኦም የሚሆን የእርጥበት መንገድ ከተፈጠረ፣ 120 ኦም የነበረው ጌጅ ወደ 119.856 ኦም ይወርዳል። መለኪያው ይህን የሚያነበው 600 ማይክሮስትሬን ያህል መጨመቅ አድርጎ ነው። አንድ ሜጋኦም ቢሆን እንኳ 60 ማይክሮስትሬን ይሆናል፤ ይህም ከባድ መኪና ሲያልፍ በጊርደር ውስጥ ከሚፈጠረው ጋር የሚቀራረብ ነው።

አሁን ይህን ከፕሪስትረሱ ጋር እናስተያየው። የብረት ገመድ ሲወጠር ከ6,000 ማይክሮስትሬን በላይ ይለጠጣል። ኮንክሪቱ በጭነቱ ሲያጥር፣ ሲደርቅና በቋሚ ጭነት ሥር በጊዜ ብዛት ቀስ በቀስ ሲያጥር ገመዱ አብሮ ያጥራል፤ ዲዛይነሩም በዓመታት ውስጥ ከመቶ 15 እስከ 20 የሚደርስ የኃይል መቀነስ ጠብቆ ይሠራል። ይህ በጌጁ ላይ የሚታየው ንባቡ ወደ መጨመቅ አቅጣጫ ሲወርድ ነው። እርጥበትም ንባቡን የሚያወርደው ወደዚያው አቅጣጫ ነው። እኔን በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነጥብ ይህ ነው፦ ብልሽቱ ልንለካው የወጣነውን ነገር ራሱን መስሎ ይመጣል። ገመዱ ደህና ሆኖ ሳለ ጌጁ ገመዱ ላልቷል ይላል፤ የሚናገረውም ቁጥር ከሚጠበቀው መጠን ብዙም ስለማይርቅ ማንም አይጠራጠረውም። ጨርሶ የሞተ ጌጅ ያን ያህል አያሰጋም፤ መሞቱ ይታወቃል፣ ከሠንጠረዡ ይሰረዛል። አደገኛው ግማሽ ሕይወት ያለው ጌጅ ነው።

እርጥበቱ ሲቆይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በኮንክሪት ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውኃ ከፍተኛ አልካሊ ነው፤ በዚያ ላይ የጌጁ ቋሚ ቮልቴጅ ሲጨመርበት ፎይሉንና የሶልደር ነጥቡን ይበላል። ፎይሉ ሲሳሳ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ንባቡም አሁን ገመዱ እየተለጠጠ እንደሆነ ያስመስላል። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ጌጅ ላይ ተከታትለው ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ ንባቡን ከኋላ ሆኖ በስሌት ማረም አይቻልም።

በእንፋሎት ማከም ይህን የሚያባብሰው በሙቀቱ ነው። ሲሞቅ በልባሱና በኬብሉ ውስጥ ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በቦታው እርጥበት ይገባል። የኬብሉ ላስቲክ ራሱ በሽቦው ዙሪያ እንደ ገለባ ውኃ ይስባል። እንግዲህ በዚህ ዓይነት አደጋ ላይ ያለው የፎይሉ ጥራት ሳይሆን ከፎይሉ እስከ መለኪያው ሳጥን ያለው መንገድ ነው። ይህን የሚያረጋግጠው ያው ፎይል በሎድ ሴል (ኃይልን ለመለካት በተሠራ መሣሪያ) ውስጥ፣ በብየዳ በታሸገ የማይዝግ ብረት ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ለብዙ ዓመታት ሳይስት መሥራቱ ነው። አገሮች የኃይል መለኪያ ደረጃዎቻቸውን እርስ በርስ የሚያነጻጽሩት እንኳ በስትሬን ጌጅ በተሠሩ መሣሪያዎች ነው። በቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ጌጅ ዛሬም በትክክለኛነት ከፋይበር አያንስም፤ በብዙ ሥራ ይበልጠዋል።

ፋይበሩ ያልፈታው

መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ እርጥበት ሁለተኛ መንገድ ሊከፍትበት አይችልም። ከረጅም ሽቦ ሬዚስታንስ የሚመጣው ጣጣም የለበትም። በሁለት ሽቦ ብቻ በተገናኘ 120 ኦም ጌጅ ላይ፣ የሽቦው ሬዚስታንስ አንድ ኦም ከሆነ፣ የሽቦው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ብቻ 16 ማይክሮስትሬን የሚያህል ሐሰተኛ ንባብ ይመጣል፤ ሦስተኛ ሽቦ የሚጨመረው ለዚህ ነው። በፋይበር ይህ ሁሉ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ዜሮው የተጻፈው በሞገድ ርዝመት ነው። የዛሬው ማንበቢያ መሣሪያ ቢወድቅና ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ቢገናኝ፣ በትክክል የተስተካከለ እስከሆነ ድረስ ያንኑ የሞገድ ርዝመት ያነባል። ለፕሪስትረስ ይህ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ነገር ግን በላቦራቶሪ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ያልተጣበቀ ግሬቲንግ በሁለት ጣት ለጥቂት ሰኮንድ ቢያዝ፣ ከጣት የሚያገኘው ሙቀት ብቻ ንባቡን ያነሣዋል። ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ፒኮሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 10 ዲግሪ መሞቁ 80 ማይክሮስትሬን የሚደርስ ሐሰተኛ መለጠጥ ያሳያል። ኮንስታንታን ጌጅ ለሚለጠፍበት ብረት ተብሎ ስለሚዘጋጅ ይህን ችግር በአብዛኛው በራሱ ይቋቋማል፤ ፋይበሩ አይቋቋምም። በማኒቶባ ደግሞ በብርድ ወራት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ፣ በሙቀት ወራት ከዜሮ በላይ 30 ዲግሪ የተለመደ ነው። ይህ የ60 ዲግሪ ልዩነት በፋይበሩ ራሱ ላይ ብቻ 500 ማይክሮስትሬን ያህል ይጨምራል፤ የኮንክሪቱ መስፋትና መኮማተር ገና አልተቆጠረም። ቴርሞካፕሎቹ ባይገቡ ኖሮ ከሚነበበው ውስጥ የትኛው የአየር ጠባዩ፣ የትኛው የገመዱ እንደሆነ መለየት ባልተቻለ ነበር። ስለዚህ ፋይበሩ የሙቀት መለኪያ ከሌለው ግማሽ መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ። በወጪ ስሌት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሁለተኛው ድካሙ መውጫው ነው። ፋይበሩ በኮንክሪቱ ውስጥ ሳለ የሚነካው የለም፤ የሚሞተው ከኮንክሪቱ በሚወጣባት ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ነው። ካሳፎርማ የሚነቅለው ሠራተኛ ፀጉር የምታህለውን ክር አያያትም። እዚያ ላይ ከተቆረጠች ከውስጥ ያለው ሴንሰር ፍጹም ደህና ሆኖ ሳለ ለዘላለም ይጠፋል፤ የጌጅ ሽቦ ቢቆረጥ በመጠኑ ፍቆ እንደገና መቀጠል ይቻላል፣ በጠንካራ ኮንክሪት ግርግዳ ላይ የተቆረጠን መስታወት ለመቀጠል ግን የሚያዝ ጫፍ አይገኝም። ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ) የያዘውም ሠራተኛ መንገዱን ማወቅ አለበት። ልባሱም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ባዶ መስታወት በኮንክሪቱ አልካሊ ውስጥ ይጎዳል። ጠጠር ከጎን ሲጫነው ደግሞ የሚመለሰው ብርሃን ለሁለት ተከፍሎ ንባቡን ያወላውላል።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጌጅ በጥቂት ዶላር ይገዛል፣ የፋይበር ማንበቢያው መሣሪያ ግን በሺዎች ዶላር ነው። ጥቂት ነጥቦችን ለጥቂት ወራት ብቻ ለሚለካ ሰው ይህ ወጪ አይጸድቅም።

ሁለቱም የማያዩት

የዚህን ጉዳይ ንባብ ወደ ኃይል ለመለወጥ ስትሬኑ በገመዱ የተቆረጠ ፊት ስፋትና በግትርነቱ (ለመለጠጥ ባለው እምቢታ) ይባዛል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የካርቦን ገመድ ግትርነት ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ስለዚህ ከዚያው ጥቅል ተቆርጦ ያልተፈተነ ገመድ ላይ የተለካ ስትሬን፣ ሴንሰሩ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ኃይሉን በግምት ነው የሚሰጠው።

ከዚህ የጠለቀ ነገር አለ። የብረት ገመድ ርዝመቱ ሳይለወጥ፣ እንደተወጠረ እንዳለ፣ ውስጡ ያለው ኃይል ብቻ በጊዜ ይቀንሳል፤ ይህ ሪላክሴሽን ይባላል። ርዝመቱ ስላልተለወጠ ስትሬኑ አልተለወጠም። ጌጁም ፋይበሩም ምንም አልሆነም ይላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ኃይሉ ግን ቀንሷል። ይህን የሚያየው በገመዱ ጫፍ፣ ገመዱ በሚታሰርበት በመልሕቁ ሥር የተቀመጠ፣ ኃይሉን በሌላ አካል ላይ ተቀብሎ የሚለካ ሎድ ሴል ብቻ ነው። ገመዱ በርዝመቱ ሁሉ ከኮንክሪቱ ጋር በተጣበቀበት ጊርደር ውስጥ ደግሞ መልሕቅ ስለሌለ ሎድ ሴሉ የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ የለም፤ ያ ክፍል ከላቦራቶሪ ፈተና ተወስዶ በስሌት ይጨመራል። ካርቦን በዚህ ረገድ ከብረት የተሻለ ነው። ሆኖም የብረቱንና የካርቦኑን ጊርደር ንባብ ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ሰው ይህን ካላሰበ፣ ብረቱ ከሆነው በላይ ጤነኛ መስሎ ይታየዋል።

ወደ ሌላ ሥራ ሲወሰድ

ከዚህ ጉዳይ ተነሥቼ መለኪያ ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ መለኪያው ከተቀመጠ በኋላ ወደ ዜሮው መመለስ ይቻላል ወይ ብዬ ነው። የሚቻል ከሆነ፣ ማለትም ጭነቱ ወርዶ ሊታይ የሚችል ከሆነ፣ በደንብ የታሸገ የኤሌክትሪክ ጌጅ በዋጋም በትክክለኛነትም ይመረጣል። የማይቻል ከሆነና መለኪያው እርጥብ ነገር ውስጥ ለዓመታት የሚቀበር ከሆነ፣ ወደ ፋይበሩ አደላለሁ፤ አብሮት የሙቀት መለኪያ እንደሚገዛና የመውጫው ቦታ በሥዕል ላይ ተወስኖ በብረት ቱቦ እንደሚጠበቅ ካረጋገጥሁ በኋላ ነው።

በቴይለር ላይ 26ቱን ጌጆች መጨመሩ ከንቱ ወጪ ነበር አልልም። የማያወላዳ ማነጻጸሪያ ሳይኖር አዲስ መለኪያን ማመን አይገባም፤ ጌጆቹ ባይኖሩ ኖሮ እርጥበቱ ያደረሰውን ጉዳትም በዚህ ግልጽነት ባላወቅን ነበር። ዛሬ ተመሳሳይ ሥራ ቢሰጠኝ እኔም ሁለቱን አስቀምጣለሁ፤ ጌጆቹን ግን ከኮንክሪቱ ውጭ፣ ሲበላሹ ሊለወጡ በሚችሉበት የጊርደሩ ሆድ ላይ አደርጋቸዋለሁ፣ ለመኪና ጭነት ብቻም እጠቀምባቸዋለሁ። አንድ ፋይበር በቀጭን ቱቦ ውስጥ ልቅ ሆኖ ከሌሎቹ ጎን ይቀበራል፤ እርሱን የሚለጥጠው ነገር ስለሌለ የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ነው።

የግድ ኮንክሪት ውስጥ መቀበር ያለበት ጌጅ ካለ ደግሞ፣ በጌጁና በፌሮው መካከል ያለው የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ ሦስት ጊዜ ይለካ፦ ልባሱ እንደደረቀ፣ ኮንክሪቱ ሊፈስ ሲል፣ እንፋሎቱ በወጣ ማግስት። ለዚህ የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ የኢንሱሌሽን መለኪያና ጥቂት ደቂቃ ነው። በሺዎች ሜጋኦም የነበረው በማግስቱ ወደ ጥቂት ሜጋኦም ከወረደ፣ ያ ጌጅ ዛሬ ቢሠራም ለፕሪስትረሱ የዓመታት ንባብ አይታመንም። ሦስቱ ቁጥሮች ከጌጁ መለያ ቁጥርና ከቀኑ ጋር በአንድ ወረቀት ይጻፉ፤ ወረቀቱም ከድልድዩ ሥዕሎች ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ከ10 ዓመት በኋላ ንባቡ ወርዶ የሚያገኘው መሐንዲስ ገመዱን ይጠርጥር ወይስ ጌጁን የሚለየው ከዚያ ወረቀት ነው።